ከበሩ ወዲያ የተሰማ ሳል

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱ ተለቆ የመጨረሻዎቹ ልጆች ቦርሳቸውን አናታቸው ላይ ደፍተው በካፊያው ውስጥ እየተሯሯጡ ሲበታተኑ፣ ቲቸር የግቢው በር ላይ ቆማ ጃንጥላዋን ዘረጋች። ያን ጊዜ ጋሽ መቀስ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ከመድኃኒት ቤቱ በኩል ሲመጣ አየችው። አርባ ስምንት ዓመት የሞላት ሴት፣ የአንድ ሺህ ተማሪ ርዕሰ መምህርት፣ ልቧ እንደ ኮረዳ ልብ ደረቷን መታት። ቀኝ እጇ ለሰላምታ ባዶ እንዲሆን ጃንጥላዋን ወደ ግራ አዛወረች።

እሱም አያት። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረው ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱን አዞረ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ፣ በወዲያኛው ጥግ፣ አንገቱን ቀብሮ አለፋት።

ተዘርግቶ የነበረው እጇ ምን እንደሚሠራ ጠፋው። ካፖርቷ ላይ የሌለ አቧራ አራገፈችበት።

ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ከትምህርት ቤቱ ሁለት በር አልፎ ያለች፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወትና ከመስታወቱ የሚሰፋ ወሬ ያለባት ጠባብ ክፍል ናት። ‹ጋሽ መቀስ› ብለው ያወጡለት ልጆቹ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ትምህርት ቤቱን ቅማል በወረረው ጊዜ ቲቸር ልካ አስጠራችው። መጣና ልጆቹን አንድ በአንድ አየ። ቅማል ያለባቸውን ለይቶ ቢላጭ መሳቂያ እንደሚሆኑ ገባው። ስለዚህ የክፍሉን አንደኛ ጉልበተኛ አስጠርቶ ላጨውና፣ «ይኼ የሯጮች ቁርጥ ነው፤ ለሁሉም አልቆርጥም» አለው። በማግስቱ ስልሳ ልጅ «እኔንም እንደ ሯጭ!» እያለ ተሰለፈ። ቲቸር ይህን በቢሮዋ መስኮት እያየች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሱቁን ቀደም ብሎ ይዘጋና በረንዳዋ ላይ ሻይ ይጠጣሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ‹እርስዎ› እንደተባባሉ ነው። ከመጨባበጥ ያለፈ ነገር በመካከላቸው የለም። ሲጨባበጡ ግን ማን ቀድሞ መልቀቅ እንዳለበት ሁለቱም አያውቁም።

ልጇ ይህን አልወደደችውም። የሟቹ ዳኛ አንድያ ልጅ፣ ባንክ ቤት የሕግ ባለሙያ ናት። «የዳኛ ሚስት የነበርሽ ሴት ከፀጉር ቆራጭ ጋር! ሰው ምን ይላል እማዬ?» ትላለች። ቲቸር አትቆጣትም፤ አንጀቷ አይችልም። ልጅቷ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ አጥታለች። ሦስተኛው እርግዝናዋ አሁን ስምንተኛ ወሩን ይዟል። ባሏ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ስለሆነ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ እስክትወልድ እናቷ ዘንድ ገብታለች።

ኢንፍሉዌንዛው ከተማውን ያዳረሰውም በዚሁ ሰሞን ነው። «በቀን ስንት ጭንቅላት የሚነካ ሰው ነው! በዚህ የበሽታ ወራት እዚህ ቤት እግሩ አይገባም» አለች ልጅቷ። ነገሩ እውነት ነው። እውነቱን ያናገረው ግን ንቀት ነው።

አሁን በካፊያው ውስጥ ብቻዋን ስትሄድ፣ ያ ንቀት ጆሮው ደርሶ ይሆን? ወይስ ሰልችቶት ነው? እያለች ከራሷ ጋር ተሟገተች። ቤቷ እስክትደርስ ጃንጥላውን በየትኛው እጇ እንደያዘችው አላስተዋለችም።

*

በተከታዩ ሐሙስ አልመጣም። ሱቁም ተዘግቷል።

ቲቸር ጭንቀቷን ወደ ሥራ መለወጥ የምታውቅ ሴት ናት። ብርድ ቢሆንም የክፍል መስኮቶች በየእረፍቱ ይከፈቱ አለች። በየቧንቧው ሳሙና አስቀመጠች። ልጆቹ ሲያስሉ በክርናቸው እጥፋት እንዲሸፍኑ እንደ መዝሙር አስጠናቻቸው። ትኩሳት ያለበት ልጅ ቤቱ ይተኛ፣ ቀሪ አይባልም ብላ ለወላጆች ጻፈች። ቤት ስትገባ ደግሞ ልጇን ሰላም ሳትል በፊት ልብሷን ትቀይራለች፣ እስከ ክርኗ ትታጠባለች፣ የበር እጀታ ሳይቀር ትወለውላለች። ሐኪሙ ልጅቷን፣ «ክትባቱን ውሰጂ፤ ለነፍሰ ጡር የሚመከር ነው» ብሏት ነበር። ሁለት ልጅ ያጣ ሰው ግን መርፌ ሁሉ ያስፈራዋል። ዛሬ ነገ ስትል ከረመች።

ሰኞ ዕለት በመምህራን ስብሰባ መካከል ቲቸርን አንዳች ብርድ ጀርባዋን ዳሰሳት። ከዚያ ጉልበቷ ከዳት፣ ከዚያ ራሷ ለሁለት ሊከፈል ደረሰ። የወትሮው ጉንፋን በማስነጠስ አስፈቅዶ ነው የሚገባው፤ ይኼኛው በር ሰብሮ ገባ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰውነቷ በዘነዘና የተወቀጠ መሰለ።

ቤት ስትደርስ ልጇ ሳሎን ውስጥ አውራ ጣት የማያስገቡ ካልሲዎች እያጠፈች ነበር። «እማዬ፣ ዛሬስ ቀደምሽ!» ብላ ሆዷን ደግፋ ልትነሳ ስትል፣

«ባለሽበት!» አለች ቲቸር። ሺህ ተማሪ ባለበት የሚያስቆም ድምፅ ነበር። በሻርፗ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ በግድግዳው ጥግ አልፋ፣ መታጠቢያ ቤት ያለውን የጓሮ ክፍል ገብታ ቆለፈች።

«እማዬ ክፈቺ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ይዞኛል። አልከፍትም። ውሃ በር ላይ አስቀምጪና ሂጂ። የነካሁትን ዕቃ ለብቻው አድርጊ። እጅሽን ታጠቢ።»

«እኔ ተማሪሽ አይደለሁም እኮ!»

«አይደለሽም። ለተማሪዬማ እንዲህ አልፈራም።»

ከዚያ ልጅቷ በሩን ተደግፋ ቀስ ብላ መሬት ስትቀመጥ ተሰማ። ቲቸርም በወዲህ በኩል ተቀመጠች። ጀርባና ጀርባቸው መካከል ያለው አንድ ጣት የማይሞላ ሳንቃ ነው። የልጇን ትንፋሽ መስማት ትችላለች፤ ፀጉሯን መዳበስ ግን አትችልም።

*

ማክሰኞ ጠዋት ከትኩሳት እንቅልፍ የቀሰቀሳት የውሃ ድምፅ ነው። ኩሽና ውስጥ አንድ ሰው እጁን ይታጠባል፤ ይታጠባል፤ አሁንም ይታጠባል። እንዲህ ተረጋግቶ የሚታጠብ ሰው አንድ ብቻ ነው የምታውቀው።

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አለች ልጇ በበሩ ቀዳዳ፣ ድምጿ አንሶ። «ቤት የምታግዘን ሴትዮም ታማለች፣ ጎረቤትም ተኝቷል። ሰው አጣሁ። እሳቸው ታመው ድነዋል አሉ።»

ጋሽ መቀስ ማስክ አድርጎ ገባ። ከስቷል። ቲቸር ያልተበጠረ ፀጉሯን አስታውሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«አይዩኝ።»

«እኔ ያልተበጠረ ፀጉር አይቼ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ» አለ።

«መንገድ ተሻግረው ያለፉ ሰው ዛሬ ምን አመጣዎት?» ልትል ያሰበችው ይህን አልነበረም። ትኩሳት አፍ ያስከፍታል።

ሰውየው ደነገጠ። «ደብዳቤዬ አልደረሰዎትም? በማግስቱ እኮ ነው የላክሁት፤ በልጅዎ...» ብሎ ጀመረና አቋረጠ። ከበሩ ውጭ የነበረው ኮቴ ቀስ ብሎ ራቀ። ጋሽ መቀስ ኮቴውን ሰማ፤ ገባውም። «ምናልባት መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል» አለ፤ «ወረቀት ነው፤ ይጠፋል።»

ቲቸር ነገሩ ገባት። ልጇን ላለማጋለጥ የዋሸው ይህ ትንሽ ውሸት ግን ከትኩሳቱ ይልቅ አሞቃት።

ሥራ ጀመረ። መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ንጹህ አየር አስገባ። ትራስ ደርቦ ከፍ አድርጎ አስተኛት፤ «አፍንጫ ሲታፈን ዝቅ ብሎ መተኛት ጠላት ነው» አለ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ፎጣ ነክሮ፣ ሙቀቱን በአንጓው ለክቶ ግንባሯ ላይ ጣለ። ሠላሳ ዓመት የሰው ጉንጭ ላይ ፎጣ ሲያሳርፍ የኖረ እጅ ነው፤ አልከበደም፣ አልቀዘቀዘም። ዝንጅብል በሎሚ አፍልቶ ማር ጨመረበት። ለጉሮሮዋ ጨው የሟሟበት ለብ ያለ ውሃ አጉመጠመጣት። የትኩሳት ኪኒኗን በሰዓቱ ሰጣት፤ ከመሳቢያዋ የተረፉ የድሮ ካፕሱሎች ሲያገኝ ግን፣ «ይኼ የሌላ በሽታ ነው፤ ለዚህ አይሆንም» ብሎ ለየው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየሰዓቱ ውሃ፣ በየሰዓቱ እንቅልፍ።

ጎረቤትየዋ በአጥር በኩል፣ «ነጭ ሽንኩርት አንገቷ ላይ እሰሩላት!» ብላ ስትጮህ፣ «ሾርባው ውስጥ ገብቷል እትዬ!» ሲል መለሰላት። «አንገት ላይ የታሰረ እንደሆነ ጠያቂ ያባርራል እንጂ ጉንፋን አያባርርም!»

ቲቸር ለመሳቅ ብላ ሳል አነቃት። ፎጣውን ሲያነሳ ጣቱ ግንባሯ ላይ ከሚገባው በላይ ቆየ። ዓይኗን አልገለጠችም። ብትገልጥ ጣቱን ያነሳ ይሆናል ብላ ፈራች።

*

ሐሙስ ከሰዓት ትኩሳቷ በረደ። ሾርባ ጣማት። እግሯን አልጋው ጠርዝ ላይ አውርዳ፣ እንግዲህ ነገ ተነገ ወዲያ እድናለሁ ብላ ስታስብ፣ ከሳሎን አንድ ድምፅ መጣ።

ሳል ነው። አጭር፣ ደረቅ ሳል።

የጋሽ መቀስ አይደለም። እሱ ኩሽና ውስጥ ዕቃ እያጠበ ነው። ቲቸር ከአልጋዋ ወረደች። አንድ ጊዜ ነው፤ ትን ብሏት ነው፤ አምላኬ ትን ብሏት ይሁን። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው። ኩሽና ውስጥ የነበረው የዕቃ ድምፅ ቀጥ አለ።

«ምንም አይደለም» አለች ልጇ ሳትጠየቅ። «ትን ብሎኝ ነው።»

«እስቲ ይህን ከብብትሽ ሥር አድርጊው፤ ሙቀት መለኪያው ነው» አለ ጋሽ መቀስ።

ቲቸር በሩ ጋ ደርሳ ጆሮዋን ለጥፋለች። መለኪያው እስኪጮህ ድረስ በልቧ ቆጠረች።

«ሠላሳ ስምንት ተኩል» አለ። «ተነሺ ልጄ፣ እንሂድ።»

«የት? ሆስፒታል አልሄድም! ለእማዬ ያፈላኸውን አፍላልኝ፣ እጠጣለሁ፣ እተኛለሁ። እሷ ድና የለም እንዴ?»

«ለእናትሽ ዝንጅብል ይበቃል፤ ለአንቺ አይበቃም። ነፍሰ ጡር ነሽ። አንቺን ሐኪም ነው የሚያይሽ፤ ያውም ዛሬ፣ ያውም አሁን።»

«ሁለቱንም እዚያ ነው ያጣኋቸው!» ጮኸች። «በዚያ በር ሁለት ጊዜ ሙሉ ገብቼ ሁለት ጊዜ ባዶዬን ወጥቻለሁ! አልገባም! አንተ ማነህ የምታዘኝ? አባቴ ነህ?»

ቲቸር እጇ ቁልፉ ላይ ነው። ልክፈት፣ ልያዛት፣ ደረቴ ውስጥ ላስገባት። ደረቷ ውስጥ ያለው ግን ያው በሽታ ነው። ቁልፉን እንደጨበጠች ግንባሯን ሳንቃው ላይ ተከለች።

ጋሽ መቀስ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አባትሽ አይደለሁም፤ ነኝም አላልኩ። የአባትሽን ወንበር እንኳ አልተቀመጥኩበትም፤ ሦስት ቀን ኩሽና ቆሜ ነው የበላሁት። ከፈለግሽ ተሳደቢ፤ ታክሲ ውስጥም መሳደብ ይቻላል። ግን ተነሺ። ያቺ በር ውስጥ ያለችው ሴት እጇን ዘርግታ ልትነካሽ አትችልም። ስለዚህ በእሷ ፈንታ እኔ እየለመንኩሽ ነው።»

ልጅቷ አለቀሰች። ቀጥሎ ጫማ የመፈለግ ድምፅ፣ የካፖርት ድምፅ፣ የሁለት ሰው ኮቴ። በበሩ ሥር ሁለት ወረቀቶች ተንሸራተው ገቡ። ከዚያ የመኪና በር ተዘጋ።

ቤቱ ባዶ ሆነ፤ ፍርሃቱ ግን ከእሷ ጋር ቀረ።

*

አንደኛው ወረቀት ከካርቶን ላይ የተቀደደ ነው፤ የጋሽ መቀስ እጅ ጽሑፍ፦ «በሩን እንዳትከፍቺ፤ አንቺ ከወጣሽ እሷ አትሄድም። አጠገቧ ነኝ። ውሃ ጠጪ።»

ቲቸር ደጋግማ አነበበችው። ‹ይጠጡ› አላለም። በዚያ ጥድፊያ ውስጥ፣ ሁለት ዓመት የተሸከሙትን ‹እርስዎ› ሳያውቀው ጥሎታል።

ሁለተኛው የታሸገ ፖስታ ነው። ጀርባው ላይ የልጇ ጽሑፍ አለ፦ «ከመሳቢያዬ ነው የወጣው። አልከፈትኩትም። ይቅር በይኝ።»

«ለተከበሩ ቲቸር፦ ትናንት ፊቴን ያዞርኩብዎት ትኩሳት ይዞኝ ነው። ከመድኃኒት ቤት መመለሴ ነበር። እጅዎን ዘርግተው ሳይ፣ ያንን እጅ ጨብጬ ብልክዎት ማታ የልጅዎን ሆድ የሚዳብሰው ያው እጅ መሆኑ ታሰበኝ። ከማዶ ሆኜ ልጮህልዎት ሞከርኩ፤ ድምፄ ተዘግቷል። እስክድን ሱቄን ዘግቻለሁ። እባክዎን ቅር እንዳይልዎት። ከርስዎ ለመራቅ የሄድኳት ያቺ አሥር እርምጃ፣ በዕድሜዬ የሄድኩት ረጅሙ መንገድ ናት።»

አለቀሰች፤ አፏን በትራስ አፍና አለቀሰች። እሷ በቅያሜ ስትብሰለሰል፣ እሱ ብቻውን በትኩሳት ሲቃጠል ነበር። አንድ ብርጭቆ ውሃ እንኳ ያቀበለው ሰው ይኑር አይኑር አታውቅም።

ወደ ልጇ ስልክ ደወለች፤ አይነሳም። አሁንም ደወለች፤ አይነሳም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ውሃ ጠጣች፤ ስለታዘዘች ብቻ ጠጣች። ከአልጋ መስኮት፣ ከመስኮት በር፣ ከበር አልጋ ተመላለሰች። አንድ ሺህ ልጅ በአንድ ቃል የምታሰልፍ ሴት፣ አንዷን ልጇን ማየት አልቻለችም። ባለፉት ሁለት ጊዜያት ስልኩ እንዴት እንደጮኸ፣ ማን እንዳናገራት፣ ምን እንዳላት ሁሉም አንድ በአንድ ተመለሰባት።

ሊመሽ ሲል ስልኩ ጮኸ። በሁለት እጇ ይዛ አነሳችው።

«እማዬ...» ልጅቷ ታለቅሳለች።

«ምንድን ነው? ተናገሪ! ልጄ፣ ሆዴ፣ ተናገሪ!»

«ዝም ብለሽ ስሚ።»

ስልኩ ውስጥ ሹክሹክታ፣ ዝምታ፣ ከዚያ... ድክ ድክ ድክ ድክ... ፈጣን፣ ግትር፣ ማንንም የማይጠብቅ ልብ። ቲቸር መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሰማሽው? ሳንባዬም ንጹህ ነው አለችኝ ሐኪሟ። ቶሎ መምጣትሽ ነው የጠቀመሽ፣ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሲጀመር ነው ጥሩ የሚሠራው አለች። እስከ ነገ እዚሁ ያቆዩኛል። ባለቤቴም ከድልድዩ ተነስቶ እየመጣ ነው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ጋሼ ባይጎትቱኝ ኖሮ እኔ አልጋዬ ውስጥ ተደብቄ ነበር። እማዬ፣ ደብዳቤውን አነበብሽው?»

«አነበብኩት።»

«ተቀየምሽኝ?»

«ውለጂና እቀየምሻለሁ። አሁን ጊዜ የለኝም።»

ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ደከመ። ነገ ገና አልነጋም።

*

ጋሽ መቀስ የመጣው ዝናቡ አባርቶ፣ ሌሊቱ ሳይጋመስ ነው። የልጅቷ ባል ደርሶ ተቀብሎታል። ወደ ቤት አልገባም፤ ግቢው ውስጥ ከመስኮቷ ሥር፣ የደጁ መብራት በደረሰበት ቆመ። ቲቸር መስኮቱን ከፈተች።

«ተኝታለች» አለ። «ትኩሳቱ ሠላሳ ሰባት ከስምንት ወርዷል። ሾርባ ጠጣች። ባሏ እጇን ይዟል።» ዘገባውን እንደ ወታደር ጨረሰ።

ከዚያ ባርኔጣውን ሊያወልቅ እጁን ሲያነሳ ቲቸር አየች፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ይዞ ዝንፍ የማይል እጅ፣ ባርኔጣ ማንሳት አቅቶታል።

«ምን ሆንክ?»

«ሐኪሟ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ስታዞር...» አለ። «ወዲያው ድምፅ አልመጣም። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አለችው። ልጅቷ እጄን ይዛ ፊቴን ታየኛለች። እኔ ፈገግ እላለሁ። ውስጤ ግን... ‹ጎትቼ ያመጣኋት እኔ ነኝ› እላለሁ። ላንቺ ምን ብዬ እነግርሻለሁ? እዚህ መስኮት ሥር እንዴት ብዬ እቆማለሁ? በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።»

ቲቸር በመስኮቱ ዘንበል አለች። ልትደርስበት አትችልም፤ ገና ታስላለች፤ ሁለት ክንድ ያህል አየር በመካከላቸው አለ።

«ገና አልወለደችም» አለች ቀስ ብላ። «ነገ አለ፣ ተነገ ወዲያ አለ፣ የምጡ ቀን አለ። ብዙ እንፈራለን። ከእንግዲህ ግን ብቻህን አትፈራም።»

እሱ ባርኔጣውን በሁለት እጁ አውርዶ ፊቱን ሸፈነበት። ቲቸር ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል፣ መስኮቱን እንደከፈተች፣ አልቅሶ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው።